ያላየኋቸው አሥራ ሁለት ሰዓታት

የኢንጂነሪንግና ቴክኖሎጂው ዓመታዊ ጉባኤ ሲዘጋ በር ላይ የቆመች ልጅ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ወረቀት አደለችን። «ከጉባኤው ምን ይዘው ይመለሳሉ?» ይላል፤ ከሥሩ ሦስት መስመር አለ። አጠገቤ የነበረው ጌትነት፣ የመሥሪያ ቤታችን የውሃ ቦቴ ሾፌር የነበረና ከእኔ አንድ ዓመት ቀድሞ ጡረታ የወጣ ሰው፣ ሳያመነታ «ቦርሳና እስክርቢቶ» ብሎ ጻፈና ፈረመበት። እኔ ባዶውን መለስኩት።

«እናቴ፣ አልተመቸዎትም እንዴ?» አለችኝ ልጅቱ።

«ተመችቶኛል ልጄ። መስመሩ አነሰኝ እንጂ።»

የሚከተለው ከዚያች ወረቀት የተረፈው ነው።

ጎሬ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። በእኛ አገር ውሃ ሰውን ይፈልጋል እንጂ ሰው ውሃን አይፈልግም፤ ዝናቡ ዓመቱን እኩል እንኳ አያካፍለንም። ከእንዲህ ያለ አገር የወጣች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ በጎጃም ደጋ የጉድጓድ ውሃ ስትለካ መኖሯን ሳስበው፣ የእግዚአብሔርን ሥራ ማን መርምሮ ይደርስበታል እላለሁ። ደብረ ማርቆስ ለሁለት ዓመት ተመድቤ መጣሁና ሠላሳ አንድ ዓመት ቆየሁ። ጎሬ ስሄድ «የጎጃሟ መጣች» ይሉኛል፤ ማርቆስ ገበያ ስወጣ ደግሞ «የጎሬዋ» ነኝ።

ሥራዬ የጉድጓድ አቅም ሙከራ ነበር። ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ ሲገኝ ወዲያው ለሕዝብ አይሰጥም። ፓምፕ ይገባበትና ሃያ አራት ሰዓት ሳያቋርጥ ይሳባል፤ እኛ ደግሞ ውሃው ስንት ሜትር እንደወረደ በየሰዓቱ እየለካን ቅጽ ላይ እንሞላለን። ጉድጓድ እንደ ሙሽራ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ደግ ነው። ሃያ አራት ሰዓት የምናስሮጠው ጠባዩን ለማየት ነው። በሥራ ዘመኔ የሞላኋቸውን የቅጽ ሳጥኖች ቁጥር ፈጣሪ ይወቀው። ከነዚያ ውስጥ አሥራ ሁለቱን ሳላይ ነው የሞላኋቸው። ሃያ ዓመት ግድም ማንም አልጠየቀኝም። ጉባኤው ላይ ግን በግድግዳ ሙሉ፣ በቀለም ተሥለው አገኘኋቸው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ የሽዋስ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። አጭር ሰው፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የሰፋ፣ የቁፋሮ ክፍሉ አዛውንት። ጉድጓድ አፍ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ «ሰው ቤት እኮ ነው የምንገባው» ይላሉ። በእርሳቸው ፊት «ውሃ ወጣ» ማለት ክልክል ነበር። «ታየ በይ፤ መውጣቱን ነገ እናውቃለን።»

በባትሪ የምትሠራዋ መለኪያ ግማሹን ዘመን ባትሪ የላትም፤ ስለዚህ የምንለካው በብረት ሜትር ነበር። የሜትሩን ጫፍ በጠመኔ ያሹታል፣ ቱንቢ ያስሩበታል፣ በቧንቧው ውስጥ ቀስ አድርገው ይለቁታል፣ አፉ ላይ ካለው ምልክት ጋር አስተካክለው ይይዙና ይስቡታል። ጠመኔው እስከረጠበበት ድረስ ውሃ ነው፤ የቀረው መቀነስ ብቻ። አንዱን ልክ ሁለት ጊዜ ይለካሉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ። አንድ ቀን ደክሞኝ «አማካዩን ብንወስድስ ጋሼ?» ብላቸው ዞር ብለው ዓይኔን አዩኝ።

«ሁለት ምስክር ሲጣላ አማካዩ ይወሰዳል? ሦስተኛ ይጠራል እንጂ!»

መጀመሪያ ሰዓቱን ይጽፋሉ፣ ከዚያ ሜትሩን ያያሉ። መስክ ላይ የሚጽፉት በእርሳስ በደብተር ነው፤ ቢሮ ሲገባ በቀለም ወደ ቅጹ ይገለበጣል። ዝናብ ቢያዘንብ፣ ሜትሩ ቢያዝ፣ ያልተለካው ሰዓት ባዶውን ይቀራል። «ያላየሽውን ባዶ ተይው አንቺ ልጅ። ባዶ ሳጥን አያሳፍርም፤ ሳያዩ መሙላት ነው የሚያሳፍር።» የእርሳቸው ቅጾች ቀዳዳ በቀዳዳ ስለነበሩ ኃላፊያችን አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው «የሽዋስ፣ ይህ ቅጽ ነው ወንፊት?» አሏቸው። ጋሼም ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ «ወንፊት ነው ጌታዬ። በወንፊት ነው የሚጣራ» አሉ።

ከእርሳቸው ጋር ያልረገጥነው ወረዳ የለም። መጀመሪያ የወጣሁት ደብረ ኤልያስ ነበር። የገጠሩ ሽማግሎች ተሰልፈው ጠበቁን፤ መኪናው ሲቆም ጌትነትን አቅፈው «መሐንዲሳችን እንኳን ደህና መጣህ» አሉት፤ ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «ወጥ ሠሪዋ የት ትደር?» ብለው ጠየቁት። ጌትነት፣ እግዚአብሔር ይይለት፣ ሁለት ቀን ሙሉ መሐንዲስ ሆኖ ሰነበተ። ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ «በዚህ በኩል ቆፍሩ» ማለት ሲጀምር ነው ጋሼ የሽዋስ ያስቆሙት። ሉማሜ የተቆፈረው ጉድጓድ ደግሞ ጠብታ አልነበረውም፤ ሪፖርቱ ላይ ግን «መቶ በመቶ ተጠናቋል» ተብሎ ወጣ። ጋሼ ኃላፊውን «የተጠናቀቀው ቁፋሮው ነው ውሃው?» ቢሏቸው፣ «ዕቅዱ» አሏቸው። አበላችን ሥራው ባለቀ በሦስተኛው ወር ይመጣ ነበር፤ እሱን እዚህ አላነሣውም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ከቁይ ወዲያ ያለች አንዲት ደብር ናት፤ ስሟን አልጠራም። የማርያም ደብር ናት። ጋሼ ወገባቸውን ታመው ማርቆስ ስለተኙ ሙከራውን ለብቻዬ እንድመራ ተሰጠኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቀኑን የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ ኅዳር ሃያ። ምክንያቱን እነሆ ልናገር። ማግስቱ ኅዳር ጽዮን ነው፤ ሙከራዬን ጨርሼ እዚያው በዓሉን አነግሣለሁ ብዬ ነበር። ለጽድቅም ለሥራም ይበቃኛል ያልኩት አንድ ቀን ለሁለቱም ሳይበቃ ቀረ።

ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞተሩ ተነሣ። ጉድጓዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች ነበር። ውሃው እየወረደ ሄዶ፣ ሞተሩ ከተነሣ በዘጠነኛው ሰዓት ላይ ቆመ። በአሥረኛው እዚያው። በአሥራ አንደኛው እዚያው። በአሥራ ሁለተኛው ሁለት ሳንቲሜትር ወረደ። ሁለተኛ ለካሁ፤ ሁለት ሳንቲሜትር። እጄ ቢንቀጠቀጥ ነው አልኩ። ሦስተኛ ምስክር ሳልጠራ መሪጌታው መጡ።

ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ሸለቆ የሚሞላ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸር እርሳቸውም ሹክሹክታ ሆኑ።

«ልጄ!» አሉ በጆሮዬ። «ማርያም ውሃውን ሰጠችን፤ ተመስገን። አሁን ደግሞ ድምፃችን እንዲሰማ አድርጊልን። እኔ ስመራ ጓዶቼ የሚቀበሉት መኪናሽን ሆኗል!»

«መሪጌታ፣ ሃያ አራት ሰዓት መሮጥ አለበት እኮ።»

«በዓመት አንዴ ለሚመጣ ማኅሌት አንዲት ሌሊት አታሳርፊውም? ሞተርስ ቢሆን በዓል አያውቅም?»

እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። ማኅሌቱ አምሮኝ ነበር። ለጌትነት ምልክት ሰጠሁት፤ እሱም ሞተሩን አጠፋው። ጸጥታው ሲወርድ የገደሉ ማዶ ውሻ እንኳ ተሰማ። ያ ማኅሌት በሕይወቴ ከሰማኋቸው ሁሉ ያማረ ነበር፤ አሁንም አልክድም።

ማርቆስ ስመለስ ቅጹን በቀለም ገለበጥኩ። እርሳሱ በአሥራ ሁለተኛው ሰዓት አበቃ። ውሃው ቆሟል አይደል ብዬ ሁለቷን ሳንቲሜትር ተውኳትና የቀሩትን አሥራ ሁለት ሳጥኖች በአንድ ዓይነት ቁጥር ሞላኋቸው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ጋሼ የሽዋስ አልጋቸው ላይ ሆነው ቅጹን ተመለከቱ። «ይህ ውሃ ሲመሽ ጨዋ ሆነ» አሉ። ከዚያ እርሳስ ይቀርጹ ጀመር። ያን እርሳስ ሲቀርጹት የነበረው ድምፅ ዛሬም ይሰማኛል።

በሁለተኛው ዓመት መጋቢት ላይ ጉድጓዱ ደረቀ። ሄድኩ። ጀሪካን ያዘሉ ሴቶች በደረቀው ቧንቧ ዙሪያ ቁጭ ብለው ነበር። አንዲት አሮጊት ሳይቆጡ፣ ሳይረግሙ፣ «ልጄ፣ እናንተ ባትመጡ ኖሮ ምንጫችንን አንተወውም ነበር። አጥሩ ፈርሶ ከብት ረገጠው» አሉኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። የአርባ ቀን ስግደት ሰጡኝ፤ «ስግደቱ ለፈጣሪ ነው። ያጠፋሽበትን ደግሞ ለሰው ንገሪ» አሉኝ። ስግደቱን ከነትርፉ ሰገድኩ። ሁለተኛውን ለነገ አልኩት። ነገ ሃያ ዓመት ሆነ።

እንግዲህ ጡረታ ወጥቼ ዳዊቴን እየደገምኩ ሳለ ነው የጉባኤው ጥሪ የደረሰኝ፤ «ነባር ባለሙያዎችን» ለማክበር ነው አሉ። ዐቢይ ጾም ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ በሩ ላይ ስደርስ አንድ አስተናጋጅ በትሕትና ጎንበስ ብሎ «እናቴ፣ ለጽዋ ማኅበሩ ከሆነ ቤተ ክርስቲያኑ በዚያ በኩል ነው» አለኝ። ጥሪውን ሳሳየው ደንግጦ ደረቴ ላይ «ኢንጂነር ብዙነሽ» የሚል ካርድ አንጠለጠለልኝ። «ኢንጂነር አይደለሁም ልጄ» ስለው «ተሳስቶም ቢሆን ታትሟል» አለኝ። ጌትነት ይህን ሲያይ «እኔ ደብረ ኤልያስ ላይ ለሁለት ቀን ብሆን አስወረዳችሁኝ!» አለ።

የመክፈቻው ተናጋሪ «ኢኖቬሽን» የምትለዋን ቃል በጣም ወደዷት። እቆጥር ጀመር። አርባ አንድ ላይ ስትደርስ እግዚኦታው ሞላ ብዬ ተውኩ። ቀጥሎ በስልክ የሚታዘዝ የመስኖ ቧንቧ አሳዩን። ተማሪው ስልኩን ሲነካ ቧንቧው እሺ አለ፤ ብቻ የተከፈተው እንግዳው የቆሙበት በኩል ነበር። እንግዳው በረጠበ ጫማ «በጣም ውጤታማ ነው» አሉ። በሻይ እረፍት ኬክ መጣ። «የጾም ነው እናቴ» አሉኝ። «የጾምስ ይሁን፤ ሰዓቱ መች ደረሰ?» አልኩ። የእኔን ድርሻ ጌትነት በላልኝ፤ በጉባኤው ከእሱ የበለጠ የተሳተፈ ሰው አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ አንሙት የሚባል ወጣት መምህር ወደ መድረኩ ወጣ። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሱፉ ትከሻው ላይ የሰፋበት። እናቱ ከገጠር መጥተው ፊት ወንበር ላይ በአዲስ ቀሚስ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው አፉን በከፈተ ቁጥር አንገታቸውን ያቀናሉ። አንሙት «የጎጃም ደጋ ጉድጓዶች ለምን ይደርቃሉ?» ብሎ ጀመረና የመጀመሪያውን ሥዕል ግድግዳው ላይ አበራ።

የእጄ ጽሕፈት ነበር። ሰባት ቁጥሬ አንገቷ ላይ ሰረዝ አላት፤ ከሺህ ሰው እለያታለሁ።

«ከመዝገብ ቤቱ ያልተሟሉ ቅጾችን አስወገድኩ» አለ አንሙት። «ወንፊት የመሰሉ ብዙ ነበሩ። ከሁሉም የተሟላውና ንጹሑ ይህ ነው። እነሆ፣ ከአሥራ ሁለተኛው ሰዓት በኋላ ውሃው ፍጹም ይረጋል። ይህን ‹የጸጥታ ምዕራፍ› ብዬዋለሁ።»

ጌትነት በክርኑ ጎሸመኝ። «ብዙነሽ… ጸጥታው እኮ እኔ ነኝ።»

«ዝም በል።»

«ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ! ስሜ ግን የለበትም።»

ልጁ ቀጠለ። በድንጋዩ ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ አለ፤ የሚሳበውን ያህል ውሃ ከተራራው ያመጣል፤ ውሃው የረጋው ለዚያ ነው። ጉድጓዱ የደረቀው በቂ ጥልቀት ስላልነበረው ነው። ቀይ መስመር፣ ሰማያዊ መስመር፣ የእኔ አሥራ ሁለት ውሸቶች በአረንጓዴ ተከበው። አዳራሹ አጨበጨበ። በመጨረሻም፦

«ስለዚህ በዚያው ስፍራ ሁለት ጥልቅ ጉድጓዶች በዚህ ዓመት እንዲቆፈሩ ሐሳብ አቅርቤ ተቀባይነት አግኝቷል።»

ማን ያውቃል? ጋሼ የሽዋስ አርፈዋል። ጌትነትን አንድ ኬክ ዝም ያሰኘዋል። የልጁን ደስታ በእናቱ ፊት ማፍረስ ጽድቅ ነው? እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳባብል የመጨረሻው ሥዕል በራ። የተረገጠው ምንጭ ዙሪያ ሴቶች ቢጫ ጀሪካናቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። በዚያች ደብር ሁለት ጊዜ ሊቀለድባት ነው። እጄን አነሣሁ።

የመድረክ መሪው «ጥያቄ ነው ወይስ አስተያየት?» አሉኝ።

«ሁለቱም አይደለም። ኑዛዜ ነው።»

ሰው ሳቀ። መሪው ሰዓታቸውን አይተው «ሁለት ደቂቃ አለዎት» አሉ።

«ይበቃል» አልኩና ተነሣሁ። «ያንን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ። ማኅሌት አምሮኝ ሞተሩን በአሥራ ሁለተኛው ሰዓት አስጠፋሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፤ ጻፍኩት እንጂ። በአሥራ ሁለተኛውም ሁለት ሳንቲሜትር ወርዶ ነበር፤ ደበቅሁት። ስንጥቁን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ጸጥታው ግን የኅዳር ጽዮን ዋዜማ ነው። እባካችሁ በእኔ ቁጥር አትቆፍሩ።»

ሳቁ ቆመ። ከአጠገቤ ጌትነት «ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ሲል ተሰማ፤ ከቅጣትም ቢሆን ድርሻውን አይተውም።

አንሙት ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ያዘ። «እትዬ… ያቺ መስመር የሁለት ዓመት ሥራዬ ናት።»

«አውቃለሁ ልጄ። እኔ ግን በግማሽ ሰዓት ነው የጻፍኳት። ይቅር በለኝ።»

እናቱ ብድግ አሉ። እንግዲህ ሊጮሁብኝ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። «ስሕተቱ ያንቺ ነው የሱ?» አሉኝ።

«የእኔ ነው፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያማ እሱ ምን አስደነገጠው? አንሙት፣ ውሃህን ጠጣ።»

ልጁም ውሃውን ጠጣ። አዳራሹ ሁሉ ሲጠጣ አየው።

ጉባኤው አልቆ ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ያዘነ እንጂ የተቆጣ ፊት አልነበረውም። «የእርሳሱ ደብተር አለ?» አለኝ። ያን መጠየቁን ስሰማ ከዚህ ልጅ ባለሙያ ይወጣል አልኩ። ደብተሩ ቤቴ፣ ሣጥኔ ውስጥ ከዳዊቴ ሥር ነበር። አውጥቼ ሰጠሁት። ቁፋሮው ታገደ፤ መጀመሪያ አሮጌው ጉድጓድ እንደገና ይሞከር ተባለ።

ከትንሣኤ በኋላ ስልክ ደወለልኝ።

«እትዬ፣ ሚያዝያ ሃያ ሰባት ልጀምር?»

«መድኃኔዓለም ነው።»

«ሃያ ስምንት?»

«ማታውን የባለ ወልድ ዋዜማ ይገባብሃል።»

«ሠላሳ ይሁና።»

«ማርቆስ ነው! በከተማችን በዓል ሾፌር ከየት ልታገኝ?»

«ግንቦት አንድ።»

«ልደታ። አንተ ልጅ የጎጃም ተወላጅ ነህ ወይስ እኔ?»

«እትዬ፣ እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚያርሱት?»

«በመካከሉ። ግንቦት ስምንት ጠዋት ጀምር፤ በዘጠኝ ጠዋት ትጨርሳለህ።»

እኔ ጉልበቴ አልፈቀደልኝም፤ የነገረኝ አንሙት ነው። መሪጌታው አርጅተው በምርኩዝ መጥተዋል። ያን ቀን ማን ሞተሩን እንዳስጠፋ አልረሱም፤ ከጄኔሬተሩ አጠገብ በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡና «ዛሬ ይህችን መኪና የሚያጠፋ እኔን ተራምዶ ነው» አሉ። «ያኔ ማኅሌቱ አምሮ ነበር። ውሃው ግን አልተቀበለንም።» በአሥራ አራተኛው ሰዓት ውሃው እንደ ደረጃ ቁልቁል ወረደ። ስንጥቅም ተራራም አልነበረም፤ ትንሽ የድንጋይ ጎድጓዳ ብቻ። ሁለቱ ጉድጓዶች ሳይቆፈሩ ቀሩ፤ በምትካቸው የተረገጠው ምንጭ በድንጋይ ተገንብቶ ታጠረ። አሮጊቷ በሕይወት እንዳሉ ጠየቅሁት፤ የሉም አለኝ።

ባለፈው ሳምንት አንሙት የአዲሱን ሙከራ ቅጽ ይዞ ቤቴ መጣ፤ ጌትነትም እንደ ልማዱ የምሳ ሰዓት ጠብቆ ደርሶ ነበር። መነጽሬን አድርጌ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ተከተልኳቸው። አሥራ አምስተኛውና አሥራ ስድስተኛው ባዶ ናቸው። በዳር «ዶፍ ዘነበ፤ አላየሁም» ይላል።

«ይህን ማን አስተማረህ?» አልኩት።

ከቦርሳው አንድ ያረጀ ቅጽ አወጣ። ከዚያ አስወግጄዋለሁ ካለው ወንፊት መሐል ነው። የጋሼ የሽዋስን እጅ አወቅሁት። ከቅጹ ጋር የተያያዘች የእርሳስ ደብተራቸው ቅጠልም ነበረች፤ በእሷ ላይ ከባዶው ሳጥን ትይዩ በደቃቅ ፊደል «እንቅልፍ ወሰደኝ» ይላል።

ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣብኝ። ያን ሁሉ ዘመን ያሳመርኩት የእጄ ጽሕፈት የእነዚያን ሁለት ቃላት ያህል አላማረም።

ጌትነት በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አነበበው። «ዋሽተው አያውቁም» አለ። «እኔ ምስክር ነኝ። ያን ሌሊት ያንኮራፉት በእኔ ጋቢ ነው።»